ሰፉ ከፍሪጁ ጀርባ አይኖርም

የድምፅ መልእክቱ አስራ አንድ ሰከንድ ነው። "ልጅቷ አንቺው ጋ ትሁን። ቅዳሜ መጥተሽ ውሰጃት። ልብሷን አጥቤዋለሁ።" በቃ። ሰላምታ የለው፣ ይቅርታ የለው። ድምፁ የአክስቴ ነው። አክስቴ የሟቹ አባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ጋቦዴ ሰፈር ትኖራለች፣ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ የስድስት ዓመት እህቴን "እስክትጸዳ እኔ ጋ ትቆይ" ብላ ከቤታችን ከወሰደቻት ሃያ ስድስት ቀን ሆኗታል።

እማ መልእክቱን አንድ ጊዜ ሰማችው። እኔ ሰባት ጊዜ። በስምንተኛው ስልኩን ከእጄ ወሰደችና "ባትሪውን ጨረስሽው" አለችኝ፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረችው፣ አሁንም ፈትታ አሰረችው። እኔ ፍራሹ ላይ ቆሜ ዘለልኩ። አስራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ፍራሽ ላይ የሚዘለልበት ዕድሜ አይደለም፤ ዘለልኩ። ጎረቤታችን ግድግዳውን በቡጢ መታች። ትምታ። ዛሬ ብታፈርሰውም ግድ የለኝም።

ይሄን የምጽፈው ደስ ስላለኝ ነው። ደስ አለኝ ማለት ግን ደግ ሆንኩ ማለት አይደለም። የሐበሾች ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህሬ "አንቺ አሳምረሽ የምትጽፊው ስትናደጂ ነው" ብለውኛል። ይኸው ሁለቱም ባንድ ቀን መጡልኝ።

የምንኖረው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ነው፤ ስድስት ቤተሰብ፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ። እማ የቦረና ልጅ ናት፤ ጅቡቲ የመጣችው ሰው ቤት ልትሠራ ነው፣ ዛሬም ፈረንጆች ቤት ትሠራለች፤ ጎህ ሲቀድ ትሄዳለች፣ ሲመሽ ትመጣለች። አባቴ ከዶራሌ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሹፌር ነበር፣ የድሬዳዋ ሙስሊም ነጋዴዎች ልጅ። አባቴ የራሱን ይሰግዳል፣ እማ የራሷን ታመሰግናለች፣ እኛ መሀል ቁጭ ብለን ቁርሳችንን እንበላለን። እሱ በነበረ ጊዜ ማንም ምንም አላለንም። አራት ዓመት ሆነው ከሞተ፤ ልክ ቀብሩ እንዳለቀ ሰው ሁሉ ስለ እኛ ሃይማኖት መጨነቅ ጀመረ። ስለ እራታችን የተጨነቀ ግን አላየሁም።

እማ የምታምነው አያቶቿ ያመኑትን ነው። ፈጣሪ አንድ ነው፣ ስሙ ዋቃ ነው፣ መጽሐፍ የለውም። ሰውን የሚያሳብደው ይሄ መጽሐፍ የለውም የሚለው ነው። "ታዲያ ልጆቹን በምንድን ነው የምታሳድጊያቸው?" ይሏታል። እማ እኛን ያሳደገችን በአንድ ቃል ነው። ቃሉ ሰፉ ነው።

ሰፉን ወደ አማርኛ ልመልሰው ብዬ አቅቶኛል። ነውር እንዳልል ነውር ሰው ሲያይሽ ነው፤ ሰፉ ማንም ባያይሽም ነው። ኃጢአት እንዳልል ኃጢአት ከፈጣሪ ጋር ያለ ጉዳይ ነው፤ ሰፉ ከድንጋይም ጋር አለ። የተኛ ሰው ተራምደሽ ስታልፊ፣ ሰፉ። ትልቅ ሰው ቆሞ አንቺ ስትቀመጪ፣ ሰፉ። ለመፋቂያ ብለሽ ከግቢው የኒም ዛፍ ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ገንጥለሽ ስትጥዪው፣ ሰፉ። የበርሜሉን ውሃ አሟጠሽ ከኋላሽ ለሚመጣው ሳታስቀሪ፣ ሰፉ። እማ አትገርፍም፣ አትጮህም። ቃሏን ብቻ ጣል ታደርግና ሥራዋን ትቀጥላለች። ብትገርፈኝ የምመርጥባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ጥፊ ቢያንስ ያልቃል።

ጠዋት ከመሄዷ በፊት በሩ ላይ ወደ ብርሃኑ ዞራ ታመሰግናለች። እኔና እህቴ መዳፋችንን ዘርግተን ከኋላዋ "ሀዬ፣ ሀዬ" እንላለን፤ እንደ አሜን ማለት ነው። ጎረቤታችን ባልዲዋን ይዛ ወደ ቧንቧው ስታልፍ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትወረውራለች። የአዲስ አበባ ሴት ናት፣ ያገራችን ሰው፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

"ዛሬስ ፀሐይዋን አስነሳችኋት?"

"ከአንቺ በፊት ተነስታ ነበር" ትላታለች እማ፣ ዞር ሳትል።

የዚህችን ሴት ፍየል ታሪክ ካልጻፍኩ ጽሑፉ አይወጣልኝም። በዓመት አንድ ጊዜ እማ እርጥብ ሳር ይዛ ውሃ ዳር ሄዳ ምስጋና ታቀርባለች፤ ወንዝ ስለሌለ ባህር ዳር። መጀመሪያ ጅቡቲ የመጣች ጊዜ ውሃውን ቀምሳ ደንግጣ ነበር አሉ፤ በኋላ "ጨው በዛበት እንጂ ውሃ ነው" ብላ ተቀበለችው። ሳሩ ነው ችግሩ። ጅቡቲ ውስጥ ከኢትዮጵያ በየቀኑ በእርጥቡ የሚገባው ቅጠል ጫት ነው፤ ጫት ይዞ ደግሞ ማንም አያመሰግንም፣ ይቅማል እንጂ። ስለዚህ የአባቴ ጓደኛ፣ ሹፌር ነው፣ ከድንበሩ ማዶ በርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ሳር ያመጣልናል። አምና አምጥቶልን በርሜሉ ጥላ ሥር አስቀመጥነው። የጎረቤታችን ፍየል ቀኑን ሙሉ ታስራ የምትውል ፍየል ናት። ያን ቀን ተፈታች። ስንደርስ ሳሩን ጨርሳ ጆንያውን ጀምራለች።

"ምን ላድርግ" አለች ሴትዮዋ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "ፍየል ሃይማኖት አታውቅም።"

እማ የተረፉትን ሦስት ሰበዞች ለቀመች። በሦስቱ አመሰገነች። እኔ በዚያን ቀን ምስጋናዬን አልጨረስኩም፤ ግማሹን ፍየሏን ስረግም ነው ያሳለፍኩት።

አክስቴ ደግሞ ባለፍየሏን ታስንቃለች፤ እሷ በመኪና ነው የምትመጣው። በየሁለት ሳምንቱ የባሏን መኪና በር ላይ አስቁማ ትገባና ወንበር ስንሰጣት በመሀረቧ ጠርጋ ትቀመጣለች። አንድ ቀን እንዲህ አለቻት፦

"አንቺ፣ የወንድሜን ልጆች በዛፍ ነው የምታሳድጊያቸው? ጅቡቲ እኮ ዛፍም የላት።"

"ዛፍ አንለምንም" አለች እማ። "ጥላው ሥር ነው የምንቀመጠው። እርስዎም ሱቅዎ ፊት ሸራ ወጥረዋል።"

አክስቴ እማን "አንቺ" ነው የምትላት፣ እማ "እርስዎ" ትላታለች፤ የባል ታላቅ እህት አንቺ ማለት ሰፉ ነው። ያን ቀን ግን እርስዎ ስትላት እንደ ጥፊ ነበር የጮኸው፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። የአክስቴ ልጅ እኩያዬ ናት። ከአንድ ወር በፊት እኔና እህቴ እነሱ ቤት ውለን ነበር። የአክስቴ ባል ከሰዓት በኋላ ከቃመ በኋላ ሳሎኑ በር ላይ፣ ኤሲው በሚነፍስበት፣ ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በወገቡ ላይ ተራምዶ ይገባል ይወጣል። የአክስቴ ልጅ ስትራመደው እህቴ ቀስ ብላ "ሰፉ" አለች።

"ምንድን ነው የምትለው?" አለችኝ የአክስቴ ልጅ። "ጋኔን ነው እንዴ የምትጠራው?"

"ተያት፣ ልጅ ናት።"

"የእናታችሁ ጋኔን ነው አይደል? ታዲያ ለምን አይረዳትም፣ የፈረንጅ ሽንት ቤት እሷን እያሳጠበ እሱ ምን ይሠራል?"

እውነቱን መናገር እችል ነበር። የተኛ ሰው አትራመጂ ማለቷ ነው ብል ያልቅ ነበር። እኔ ግን ሽንት ቤት ስትል ሰምቼ ጭንቅላቴ ጋለ፤ ደግሞ ያን ጊዜ ታሪክ መፍጠር እንደምችል ገና ማወቄ ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ሰፉ ከእኛ ጋር ነው የመጣው" አልኳት። "አሁን ፍሪጃችሁ ጀርባ ነው ያለው። ብርድ ይወዳል። አፏ የከፋ ሴት ልጅ ሲያገኝ አንገቷን ወደ ኋላ ያዞራታል፤ እስከ ሠርጓ እንደዞረች ትቀራለች።"

ወጥ ቤት ያለው ፍሪጅ ያረጀ ነው፣ ሲጠፋ ይንቀጠቀጣል። ልክ ሠርጓ ስል ተንቀጠቀጠ። የአክስቴ ልጅ በእጇ የያዘችውን ሻይ ለቀቀችው።

እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷ ወጥ ቤት አልገባም አለች። ለምን ሲሏት ተናገረች። አክስቴ ገበያ ስላደገች ኦሮምኛ ትሰማለች፤ ቲማቲም ስንት ነው፣ ቀንስ፣ ጨምር። ሰፉ ግን ገበያ ላይ ስለማይሸጥ አታውቀውም። በሦስተኛው ቀን መኪናዋ በራችን ላይ ቆመ።

ግቢው ሁሉ ወጥቶ ያያል። እማ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ገና እያወለቀች ነበር።

"የወንድሜን ልጅ ለሰፉ አትገብሪያትም" አለች አክስቴ፣ ሳትቀመጥ።

እማ አልገባትም። ፊቷ ላይ ያየሁት ግራ መጋባት ብቻ ነው። ልጅሽ ባለጌ ናት፣ ሰፉ የላትም የተባለች ነው የመሰላት።

"ምን አጠፋች? ልጄ ሰፉ አላት" አለች። "ሁለቱም አላቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው ያስለመድኳቸው።"

አክስቴ ወደ ግቢው ሰው ዞረች። "አላቸው አለች። ሰማችሁ? በራሷ አፍ። አስለመድኳቸው አለች።"

"ሰምተናል" አለች ባለፍየሏ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

እማ ጨመረችበት። "እርስዎ ቤትም ቢኖር ደስ ይለኛል" አለች፣ በቅንነት። አክስቴ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፣ ያባያዋን ጫፍ ሰብስባ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሁለቱ በአንድ ቃል ሁለት ነገር እያወሩ እንደሆነ እዚያ ግቢ ውስጥ ከኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። የአክስቴ ልጅ መኪናው ውስጥ ሆና በመስኮቱ ታየኛለች፤ ፊቷ ላይ የድል ፈገግታ አለ፤ እሷ እያየች ዋሽቼ ነው ማለት አልሆነልኝም።

"የመኖሪያ ወረቀታችሁ በማን በኩል እንደሚታደስ አትርሺ" አለቻት አክስቴ በመጨረሻ። በባሏ በኩል ነው። እማ የእህቴን ልብስ በፌስታል አደረገች፣ ግንባሯ ላይ እፍ ብላ መረቀቻት፣ "ትልቅ ሰው ሲጠራሽ ቶሎ ወይ በይ" አለቻት። እህቴ አላለቀሰችም፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ነበር።

"እዚያ ይሻላታል፣ ኤሲ አለ" አለች ባለፍየሏ።

ለእማ የነገርኳት ከሳምንት በኋላ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ምግብ ስታቀርብ ሦስት ሳህን እያወጣች አንዱን ትመልሳለች፤ እሱን ማየት ነው ያናገረኝ። ፍሪጁን፣ አንገቱን፣ ሠርጉን፣ ሁሉንም ነገርኳት። እያጠፈችው የነበረውን የማዳሟን አንሶላ አስቀመጠች። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ሰፉ" አለች።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን አላናገረችኝም። ጨው አቀብዪኝ እንኳ አላለችኝም፤ ተነስታ ራሷ ታመጣዋለች። በአራተኛው ቀን ማታ በሩን እየዘጋች "የተናገርሽው አንቺ ነሽ። ሄደሽ የምትመልሺውም አንቺ ነሽ" አለችኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ጋቦዴ ሄድኩ። እንደ ዕድል ሆኖ፣ ወይም እንደ ቅጣት፣ አክስቴ ያን ቀን እህቴ ላይ ቁርአን እንዲቀሩላት አንድ ሽማግሌ ሼኽ ጠርታ ነበር። ሳሎኑ በዘመድ ሴቶች ሞልቷል። እህቴ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ምንጣፉ መሀል ተቀምጣለች፤ ስታየኝ ልትነሳ ስትል አክስቴ ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት።

"አንቺን ማን ጠራሽ?"

"የምናገረው ነገር አለኝ።"

"ኋላ።"

"ፍሪጁ ጀርባ ያለው ውሸት ነው" አልኩ። "እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ልጅዎ እናቴን ስለሰደበችብኝ ነው። አንገት የሚያዞር ነገር የለም።"

የአክስቴ ልጅ "አለ፣ እኔ ሰምቼዋለሁ" አለች። አንዲት ሴት ሳቀች። አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ አለበት። "ውሸታም። አሁንም እናትሽ ናት የላከችሽ፣ ልትሸፍኚላት ነው።"

"ተያት፣ ትቀመጥ" አሉ ሼኹ። በጣም አርጅተዋል፣ ሲናገሩ ይተነፍሳሉ። ወደ እህቴ ዞሩ። "ልጄ፣ ሰፉ ማነው?"

"ማንም አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

እህቴ አሰበች። ከዚያ በጣቷ አሳየቻቸው። ከዘራቸው ከግድግዳው ተንሸራቶ መተላለፊያው ላይ ወድቆ ነበር፤ ሻይ የምታድለው ሴት ሁለቴ ተራምዳዋለች። "አባባ፣ ያ የርስዎ ነው። እኔ ልራመደው አልችልም። እሱ ነው።"

ሼኹ ከዘራውን አዩት። ከዚያ የሐረርጌ ገጠር ኦሮምኛ መጣባቸው፤ እህቴን የሆነ ነገር ጠየቋት፣ እሷም በእማ ኦሮምኛ መለሰችላቸው፤ ሁለቱ አማርኛቸውን ትተውን ሄዱ።

"እናቴ ዳቦ መሬት ላይ ጥዬ ስራመደው ይቺን ቃል ትለኝ ነበር" አሉ በኋላ፣ ለክፍሉ። "ስድሳ ዓመት አልሰማኋትም።" አክስቴን አዩአት። "እኔ ይሄን ከዚህች ልጅ ካወጣሁ ምን ልተውላት ነው?"

"ሼኻችን፣ እናቷ ግን አትሰግድም።"

"እሱ ሌላ ነው። ለእሱ አልጠራሽኝም።"

እኔ ያን ጊዜ "እናታችሁም ልክ ናት" ይሉ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አላሉም። ሻያቸውን ጨረሱ፣ እህቴ ከዘራቸውን በሁለት እጇ አቀበለቻቸው፣ ጭንቅላቷ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቁና ሄዱ።

አክስቴ ያን ቀን እህቴን አልሰጠችኝም። "አስብበታለሁ" አለች። በሩ ድረስ ሸኘችኝ፤ መሸኘት ሳይሆን መውጣቴን ማረጋገጥ ነበር። "አንቺ ውሸታም ነሽ" አለችኝ። "እናትሽ እንኳ ውሸታም አላሳደገችም ነበር።" ይሄን ስትል ማንን እንዳመሰገነች የገባት አልመሰለኝም። እኔ ገብቶኛል፤ አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ እየደጋገምኩ ሰማሁት።

ከዚያ ዘጠኝ ቀን አለፈ፣ መልእክቱ መጣ። ምን ሐሳቧን እንዳስለወጣት አላውቅም። የአክስቴ ልጅ ትናንት የጻፈችልኝ አንድ ነገር አለ፦ "አባዬ ያቺን ልጅ ለእናቷ መልሱልኝ እያለ ነው፤ ያልተራመደችኝ እሷ ብቻ ናት ይላል።" እህቴ ለካ ሃያ ስድስቱንም ቀን፣ የአክስቴ ባል በተኛ ቁጥር፣ በጓሮ በር ወጥታ በዚያ ፀሐይ ቤቱን ዞራ ነበር የምትገባው። አክስቴ ይሄን ቆማ ያየችው ይመስለኛል። ልብሷን ማጠቧም አለ። አመሰግናታለሁ አልልም። ልብሷ እኛ ጋም ንጹህ ነበር።

ዛሬ እማ ከእኔ ጋር ማውራት ብቻ ሳይሆን ማዘዝም ጀምራለች። እሁድ ጠዋት ባህር ዳር ልታመሰግን ነው፤ ጊዜው አይደለም፣ ግን ምስጋናው ደርሶባታል። ሰው ጥሪ አለችኝ።

"ለማን ልንገር?"

"ለሁሉም። በአፍሽ ስትናገሪ ታጠፊያለሽ፤ በጽሑፍ አድርጊው።"

"ለባለፍየሏም?"

"ለእሷም። ፍየሏን ግን ትሰራት።"

"ለአክስቴስ?"

"ለእርሳቸው አስቀድሜ ልኬላቸዋለሁ" አለችና ስልኩን ፍራሹ ላይ ጣል አደረገችው። ከፍቼ አየሁት። አስራ አንድ ሰከንድ አይሞላም።

እንግዲህ እናንተም ተጠርታችኋል። እሁድ ጠዋት ባህሩ ሳይሸሽ ኑ፤ ካረፈዳችሁ የምታገኙት ጭቃ ብቻ ነው። የአባቴ ጓደኛ መንገድ ላይ ነው፣ ሳሩ ከደረሰ ለሁላችሁም ይበቃል፤ ካልደረሰ እርጥብ ነገር ይዛችሁ ኑ፣ ከጫት በቀር ማንኛውም ቅጠል ይሆናል፣ ስትቆርጡ ለዛፉ አስቀሩለት። መጽሐፍ አንጠይቅም። በካርቲየ 3 በኩል ከሆነ የምትመጡት፣ በዚያ ሰዓት ሙቀት ያባረራቸው ሰዎች በር በራቸው ላይ ካርቶን አንጥፈው እንደተኙ ናቸው። መንገዱን ቢዘጉባችሁም፣ ብትቸኩሉም፣ ዞራችሁ እለፉ።